ሁለት ነጥብ

በእኔ አንድ ሰዓት ነው፣ በእነሱ ሰባት፤
ቤርሼባ መሽቷል። ሕንጻ ሠላሳ አራት።
ቦርሳ እከፍታለሁ፣ ቦርሳ እዘጋለሁ፤
ቻርጀር፣ ግማሽ ዳቦ፣ ደብተር፣ ብርቱካን
አይቼ አሳልፋለሁ።

የአዳራሹ በር አይገጥምም፤ ማጠፊያው ከተሰበረ ቆይቷል፣
ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ "ይሠራል" ተብሏል።
ስለዚህ እሰማለሁ።

መምህሯ ቀጭን ናት፣ ቃሏ ግን ወፍራም ነው፤
ዛሬ የምታፈርሰው
"ዘመናዊነት" የተባለውን ቤት ነው፦
ሰዓቱን፣ ፋብሪካውን፣ መዝገቡን፣ ማኅተሙን፣
ሰውን በየሳጥኑ፣ በየሳጥኑም ስሙን፣
"ነገ ከዛሬ ይሻላል" የሚለውን ስብከት።
ያ ሁሉ፣ አለችን፣ ጀንበሩ አዘቀዘቀ፣
ትልቁ ታሪክ አለቀ፤
የቀረው ስብርባሪ ነው፤ ማንም እንዳሻው
ለቅሞ ይቀጥለው።

"አለችን" አልኩ እንዴ? እኔን ማን ጠራኝ፤
እኔማ የደጅ ሰው ነኝ።

የቀጥቃጭ ልጅ ደግሞ ስብርባሪ አይንቅም።
አባቴ የተሰበረ ማጭድ ሲያመጡለት
"አለቀ" ብሎ አያውቅም፤
ፍም ላይ ይጥለዋል፣ ወናፉን ያስነፋል፣
ጠዋት ቢላዋ ሆኖ ገበያ ይወጣል።

ታሪክ ያለቀ ዕለት ግን እኔ እዚያው ነበርኩ፤
በዓይኔ በብረቱ አየሁ።
ሰማንያ አራት፣ አሽቀሎን፣ የመቀበያው ጣቢያ፤
ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ጸሐፊ
እርሳሷን ከጆሮዋ ነቅላ፣ ለአፍታ ቀና ብላ፣
"ታአሪኽ?" አለችኝ።

ታሪክ! ደስታው አነቀኝ።
ያን ሁሉ አገር ሳልፍ ማን ይህን ጠየቀኝ?
ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩላት፦

የተወለድኩት አንገረብ ሞልቶ ከብቱን በወሰደበት፣
አክስቴ ያልጋነሽ በታጨችበት ክረምት።
ቀን ማረሻ የገዛን ባላገር
ሲመሽ "ጅብ ናቸው" ብሎ በር እየዘጋብን፣
እኛ ግን ፊታችንን ወደዚህ አዙረን...

አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ አዛጋ፣ መሃል ላይ ዝም አለ።
እሷ ጠበቀችኝ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፤
ሻይ እንኳ ገፋችልኝ፣ ስኳሩ ሳይማሰል።
ከዚያ ጻፈች፦ አንድ፣ ነጥብ፣ አንድ፣ ነጥብ፣ ሃምሳ ስምንት።
ለካ በእነሱ አፍ ታሪክ ማለት
ቀን ነው፤
ያን ሁሉ ወንዝ፣ ያን ሁሉ ከብት
በሁለት ነጥብ ዘጋችበት።

በእኛ ጽሕፈት ሁለት ነጥብ
ቃልን ከቃል የሚለይ ነበር፣ የሚቀጥለው እንዲነበብ።

ይኸው ከሰፈሬ ሰው ዘጠኙ ልደቱ ከእኔ ጋር ነው።
ጃንዋሪ አንድ። ኬክ የሚቆርስ የለም፤
ባንኩ ነው "እንኳን ተወለድክ" የሚለን፣
በአንድ ሌሊት፣ ለሁላችን።

አሁን መምህሯ "ከዘመናዊነት በኋላ" እያለች ነው።
እሺ። እኔ ገና መሰላሉን ይዤ ስወጣ
ጣሪያው ፈረሰ አላችሁ።
ታዲያ ጡረታ ቢሮ ስሄድ ምነው አልፈረሰ?
ያው መዝገብ፣ ያው ማኅተም፣ ያችው ጠባብ መስኮት፤
በአንገረብ ሙላት ከተቆጠረ፣ ካረፍኩ ሁለት ዓመት፤
በሁለቱ ነጥብ ከተቆጠረ
ገና ሁለት ክረምት ቦርሳ እከፍታለሁ።

ዕረፍት ሆነ። ሞራን፣ የታከለ ልጅ፣ ወደኔ መጣች፤
በተሰባበረ አማርኛ
"አባባ፣ መቼ ተወለድክ? ለጥናት ነው" አለች።
"ታሪኩን ነው ታአሪኹን?"
ሳቀች፤ ገባት መሰለኝ። ስልኳን አፌ ሥር አስጠጋች።
"አንገረብ ሞልቶ..." ከማለቴ መስታወቱ ጠቆረ።
"ኡፍ፣ አለቀ!"

ባትሪው ነው፣ ልጄ።
ቻርጀርሽ ከብርቱካኑ ሥር ነው፤ እኔ አይደለሁ የፈተሽኩት?
ሰኪው እዚያ ግድግዳ ላይ።
እስከ አምስት ሰዓት አለሁ፤
በአንቺ አሥራ አንድ።