ያልተወራረደ

ሰው ሰኔና ሰኞን ሲፈራ፣
እኔ የምፈራው ሰኔ ሠላሳን ነው፤ የመዝጊያውን ሥራ።
ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን፣ ወንበር ይገዛል በችኮላ፤
ቢሮው ገና ጉድጓድ ነው፣ ወንበሩ ይውላል በጽድ ጥላ።

ይህን አስተማርሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ስድስት ኪሎ፣
በጠመኔ ብናኝ ካፖርቴ ነጥቶ፣ ድምፄ ሰልሎ።
መደበኛ ይህ ነው፣ ካፒታል ያ ነው፣ ብድር እንዲህ ነው፣ ዕርዳታ፣
ከመደብ ወደ መደብ ማዛወር አለው ደንብ፣ አለው ቦታ።
ከኋላ ረድፍ ሲያንቀላፉ የነበሩት ልጆች፣
ዛሬ ናቸው አሉ ፈራሚዎች፤
ያለ እነሱ እስክሪብቶ ድልድይ አይቆም፣ ጉድጓድ ውኃ አያወጣ፣
ሲያዩኝ ከወንበር ይነሣሉ፤ ያኔ ያልተነሡበት ዕዳው መጣ።

ጽፌአለሁ፤ ስለ ወጪ አመዳደብ፣ ባለ ሁለት ቅጽ ጥናት፣
አንባቢው እኔና የማተሚያ ቤቱ ሰው፤ እሱም ለፊደል እርማት።
ሚስቴ ወርቅያንስ፣ ወሩ ሃያ ሲሞላ፣ ታቀርባለች ተጨማሪ በጀት፤
ያለ ክርክር ይጸድቃል፤ ምንጩ ግን ብድር ነው፣ ከጎረቤት።

እና አንድ ክረምት ጠሩኝ። «ወጪ ቀንስልን» አሉ።
አማካሪ ሆንሁ፤ አበል አለው፣ ሻይ አለው፣ ወረቀት አለው በሙሉ።
ሠንጠረዡን ዘረጋሁ። ጣቴ ወረደ፣ ወረደ፣
አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ «ትርፍ» ብሎ ፈረደ።
የሌሊት ጥበቃ፣ ሁለተኛ ፈረቃ።
በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ሰረዝ። በቃ።
ተጨበጨበልኝ። ቁጠባው ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ሰፈረ፤
ከዚያ ኮድ በታች ግን፣ ሳላውቅ፣ ሰው ነበረ።

ጋሽ ኩምሳ። የቤተ መጻሕፍታችን የሌሊት ዘብ፣
ተማሪ ሳለሁ «መሸ እኮ» እያለ በባትሪው የሚያየኝ ሳነብ፤
የመዝጊያው ሰዓት አልፎ እንኳ መብራቱን ያላጠፋብኝ፣
አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከደንቡ ሰርቆ የሰጠኝ።
(ያን ብርሃን ማን በጀተው? በየትኛው ርዕስ?)

ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ዙሪያ፣
ሎተሪ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ቆሞ በሰኔ ካፊያ።
«ዶክተር!» አለኝ። «ቀነሱን እኮ። በጀት የለም አሉ፣ ምን ይደረግ፤
መንግሥትም እንደ ሰው ይቸግረዋል» አለ፣ ሲያጽናናኝ በወግ።
ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «እኔ ነኝ» ማለት፣ ሁለት ቃል።
በመሐላችን ታክሲ ገባ፤ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ረዳቱ ይጮኻል።
ሦስት ሎተሪ ገዛሁ። መልሱን አልተቀበልሁም።
እሱ ግን ቆጥሮ እጄ ላይ አኖረው፤ «የሰው ገንዘብ አልይዝም።»

ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ ሲገባ አልጀምርም ከቀመር፣
ሰሌዳው ላይ «ኩምሳ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ባዶ መስመር።
«ይህ ስንት ያወጣል?» እላለሁ። ዝም።
አምና አንዲት ልጅ፣ ሩሐማ፣ «ማን ሰረዘው?» ብላ ጠየቀች፤
ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ደወሉ አዳነኝ። እሷ ግን ቆማ ጠበቀች።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ክሊራንስ ይዤ ዞርሁ ከቢሮ ቢሮ፣
መጽሐፍ መለስሁ፣ ቁልፍ መለስሁ፤ ንብረት ክፍል አየ ቆጥሮ።
«ዕዳ የለበትም» የሚል ማኅተም፣ ሰማያዊ፣ ገና ያልደረቀ፣
በደረት ኪሴ በኩል እስከ ሸሚዜ ዘለቀ።

ቁልቁል ወረድሁ በእግሬ፣ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ፤
ዝናቡ አባርቶ፣ አስፋልቱ ሰማይ አዝሎ።
ሐውልቱ ጋ ሎተሪ ሻጭ አለ፤ ወጣት ነው፤ እሱ አይደለም።
«ጋሽ ኩምሳስ?» አልሁት። «ማን?» አለኝ። ስሙን እንኳ አልሰማም።
አሥራ አንድ ሰዓት። መዝገቡ ሊዘጋ ነው።
አይሱዙ አለፈ ወንበር ጭኖ፣ ላስቲኩ ገና ያልተቀደደ፤
በልቤ አንድ ሰው ቆጠርሁ፣
ያልተወራረደ።