አንድ ጨምር

ሐረጎ መታጠፊያው ላይ፣ የመኪና ፍሬን ከሚሸትበት፣
ጋሽ ሙሄ በርጩማውን ይዘረጋል ጠዋት ጠዋት።
እኔ ካሜራውን ይዤ፣ ትሪፖዱን ተሸክሜ፣
እንደ ደረሳ እጠብቃለሁ፣ ከጎኑ በኩል ቆሜ።

ዓይኖቹን ሞራ ከጋረደው ስድስት ዓመት አልፎታል፤
ሙሽራ ግን እስከ ዛሬ "ሙሄ ያንሣን" ብሎ ይመጣል።
መዳፉን ገልብጦ ይዘረጋል፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው፤
ብርሃኑን ይመዝነዋል፣ ሰኞ ገበያ እንዳለ ጨው።

"ጥላህን እየው" ይለኛል። "ጠርዙ እንደ ምላጭ ከሰላ፣
አሥራ ስድስት ላይ አጥብበው፣ ፊቱ በነጭ እንዳይበላ።
ዳሩ ከሟሟ ስምንት ነው። ጥላ የሚባል ከጠፋ፣
አምስት ከምናምን ክፈተው፤ ይጠጣ፣ ጉሮሮው ይስፋ።"

"መዝጊያውስ?" እለዋለሁ።
"መዝጊያማ እንደ ሰዉ ነው፤
ሽማግሌ ከሆነ መቶ ሃያ አምስት ይበቃዋል፤
ጨፋሪ ከሆነ አምስት መቶ፣ ነጠላው አየር ላይ ይቀራል፤
ቦርከናን ግን ሙሉ ሰከንድ ስጠው፣ ጭቃው ሐር ይመስላል።"

የኔ ካሜራ አዲስ ነው፣ ኮምቦልቻ የገዛሁት፣
በዕቁብ፣ በአሥራ አንድ ወር፣ ምሳ ትቼ የከፈልኩት።
ሁሉን በራሱ ያሰላል፤ "አውቶ" ላይ ማዞር ብቻ ነው፤
ይህን ስል ጋሽ ሙሄ ይስቃል፣ ሳሉ አፍኖ እስኪይዘው።

"አውቶ? ሹፌር የሌለው አይሱዙ ሐረጎን ሲወርድ አይተሃል ወይ?
ማርሽህን ምረጥ፣ አንተ ልጅ፤ ቁልቁለት አለ ካሜራም ላይ።"

ያለፈው ቅዳሜ ሙሽሮች ከከሚሴ ሲመጡ፣
(ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሚዜ፣ ገና ከመኪና ሳይወጡ)
ጉሙ ከታች ተነሣና፣ እንደ ጥጥ ጆንያ ተፈታ፤
የጎፍ ተራራን ዋጠና፣ መንገዱን ጠጣው ባንድ አፍታ።

አውቶ ላይ አድርጌ አነሣሁ። ነጩ ጉም አመድ ወጣ፤
የረውዳ አዲስ ቬሎ የሲሚንቶ ከረጢት መልክ አመጣ።
ማሽን ፈሪ ነው፤ ነጭ ሲበዛ "ተቃጠልኩ" ይላል ሳይነካ፤
ዓለምን ግራጫ አድርጎ፣ መሐል ሰፋሪ ነው ለካ።

ጋሽ ሙሄ ፎቶውን አላየም። እጁን ብቻ ዘረጋ፣
ጣቶቹን አንድ በአንድ አሻሸ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ነጋዴ በጥንቃቄ፣ በዝግታ።
"ጉም ነው" አለ። "ግን እርጥብ ብርሃን አለ፣ ሆዱ ውስጥ ያደረ፤
አንድ ጨምር፤ ነጩን ነጭ ነው በለው፤ እሱ ምን አውቆ ተናገረ?"

ጨመርኩ። ቬሎው ነጣ።
ከነጩ መሐል የረውዳ ሒና እንደ ፍም ብቅ ብሎ ወጣ።

ሙሽሮቹ ሄዱ። ጡሩምባው ቁልቁል ወርዶ ደከመ።
መንገዱ ላይ የቀረ ሰው፣ እሱና እኔ፣ የቆመ።
አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም፣ ስምንት ዓመት አብሬው ስሠራ፤
"ላንሣህ?" አልኩት። ጋቢውን ሳበና፣ ጀርባውን ሰጠ ለተራራ።

"የጎፍ ከኋላዬ ይግባ። ልጅ ሆኜ እንጨት ለቅሜበታለሁ፤
እኔ ባላየው እንኳ ዘንድሮ፣ የት እንደቆመ አውቃለሁ።"

የጎፍ የለም። ከትከሻው ወዲያ ነጭ ግድግዳ ነው ያለው።
ምን ብዬ ልንገረው?
ሁለት ነጥብ ስምንት ከፈትኩ፤ ፎከሱን ሽፋሽፍቱ ላይ አደረግሁ፤
መዝጊያውን አፈጠንኩና፣ ከጆሮው ኋላ ያለውን ዓለም ሁሉ ለቀቅሁ።

"ተራራው ገብቷል?" አለኝ።
"ገብቷል" አልኩት፤ ዓይኔን ሰበርኩ፣
ለማያየኝ ሰው አፈርኩ።

ዝም አለ። ከዚያ መዳፉን፣ ያንን በእርጅና የተሰነጠቀ፣
ከጋቢው ሥር አወጣና፣ ጉሙ ላይ ዘርግቶ ሳቀ።
"ጣቴ ገና እርጥብ ነው፤ ዓይን ቢዋሽ እጅ መች ይዋሻል?
አንድ ጨምር፣ ደግመህ አንሣ፤ ተራራው የት ይሄዳል?"