ምክንያት በሚለው አምድ ላይ

የሰልፍ መኪናችን ይወገድ ተባለ፣
ደብዳቤው ላይ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም አለ።
ንብረት ክፍል እኔ ነኝ፤ ቅጹ እኔ ጋ ነው፣
ካርቦን አስገብቼ የምሞላው እኔው።

የሰሌዳ ቁጥር፦ ይታወቃል፣ ሞላሁ።
የተገዛበት ዘመን፦ ሰነዱ ጠፍቷል፣ ዘለልሁ።
ቀለም፦ እዚህ ጋ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩኝ፣
ወርጄ በሩን በቁልፍ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረግኩኝ።
ከነጩ ስር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ስር ቀይ፣
ከቀዩ ስር ደግሞ የወታደር ጭቃ መሳይ፣
ከሁሉም ስር ዝገት።
"የቱን ልጻፍ?" አልኩት ጋሽ ይርዳውን። ሳቀና፣
"ዝገቱን ጻፊ" አለኝ፣ "እሱ አልተቀየረምና።"

ስንቱን ተሸክማ ወርዳለች ከስድስት ኪሎ ቁልቁል!
የጣውላ ችቦ፣ የካርቶን ድልድይ፣ የጋዜጣና የሊጥ ሉል፤
ሉሉን አንድ ሰኔ ዝናብ ከላይ ሲረጭ፣
እስያ ተልጣ ፒያሳ አስፋልት ላይ ዘጭ!
የጂኦግራፊ መምህሩ ሮጦ አነሳት፣
እንደ ሕፃን አቅፎ እስከ ስታዲየም አደረሳት።

ሞተሯ ያስላል። ገና ሳትታይ አራት ኪሎ ይሰማል፣
ባለ ሱቁ መስኮቱን ከፍቶ "ልጆቹ መጡ" ይላል።
አንድ ዓመት ለምረቃ፣ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች፣
ተመራቂው ጋዋኑን ሰብስቦ ገፋት፤ አጓርታ ተነሳች።
ከደብረ ብርሃን የመጣ አባት በጭሱ ውስጥ ሆኖ፣
"አምስት ዓመት የተማርከው ለዚህ ነው?" አለ ልጁን፣ ሳቁን አፍኖ።

አዲሱ መጣ። ነጭ ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል።
የወንበሩ ላስቲክ አልተላጠም፤ ሰዓቱ በቁጥር ይበራል።
ሞዴል አስራ ዘጠኝ ቆርጬ ተረከብኩ፣
አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ሲሸተኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ወደድኩ።

በሰልፉ ቀን ባንዱ ከኋላው ተሰለፈ፣
አዲሱ ሄደ፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ሐሳብ አለፈ።
ባለ ጥሩምባዎቹ ገና ከንፈር ያረጥባሉ፣
እሱ አንበሳ ግቢን አልፏል፤ "የት ሄደ?" ይባባላሉ።
ያኔ ነው የገባን፤ ያን ሁሉ ዘመን ሙሉ
ከበሮዎቹ ለካ የእሷን ሳል ነው የሚከተሉ።
ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ ትል ነበር ሁለተኛ ማርሽ ላይ፣
እግራችን በእሷ ነበር ከመሬት የሚለይ።

ትልቁን ከበሮ የያዘችው ሐመልማል፣ የሁለተኛ ዓመት ልጅ፣
የሚቆጥርላት ጠፋ፤ ያለው የራሷው እጅ።
ከንፈሯን ነከሰች። አንድ መታች። ዘገየች። ሌላ መታች።
ፈጠነች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና አገኘች።
ሰልፉ ተንጋደደ፣ ተቃና፣ ዳዴ እያለ
አራት ኪሎ ደረሰ። ባለ ሱቁ ግን መስኮቱን ሳይከፍት ዋለ።

ጋሽ ይርዳው ሰልፍ አልወጣም። ጋራዥ አገኘሁት፣ መሪዋን ይዞ፣
የሩቁን ከበሮ ሲያዳምጥ፣ አንገቱ በመስኮት ተመዝዞ።
"ትፈጥናለች" አለኝ። ቆየና፦ "ግን ታገኘዋለች፤
ይቺም በጥድፊያ ጀምራ ነው ቀስ ማለት የለመደች።"

ስድስት ኪሎ ኖራ ኖራ በኪሎ ልትሸጥ ሆነች፣
ምናለሽ ተራ ወርዳ የማንም ድስት ትሆናለች።
ከቅጿ ስር ሌላ ወረቀት አለ፤ የእሱ የጡረታ ክሊራንስ፣
"ከንብረት ዕዳ ነጻ ነው" እንድል። ምን ወስዶ፣ ምን ሊመልስ?
ቁልፏን አስረከበኝ፣ ክሪኳን፣ አንድ ካቻቪቴ።
የክላክሷ ክዳን የለም። ኮቱ ኪስ አብጧል፤ እኔ አላየሁም፣ በእናቴ።
ፈረምኩ።

"እርጅና" ብዬ ሞላሁት፣ ምክንያት በሚለው አምድ ላይ፤
ሦስተኛው ቅጂ ላይ ካርቦኑ ደክሞ ቃሉ አይታይ።
ቀለም በሚለው ላይ ግን "ዝገት" ብዬ ጽፌያለሁ፤
ከላይ ይጠይቁኛል ብዬ፣ ይኸው፣ እጠብቃለሁ።