አልጋ ወራሽ

ራያ ትባላለች፤ አራተኛ ፎቅ ነች፤
«ሊፍቱ አይሠራም» ብላ አስጠንቅቃኛለች።
መቶ ሃያ ሼቄል፣ አልጋው ከነፍራሹ፤
«አንድ ብሎን ጠፍቷል፤ ይገዛል በርካሹ።»
ፈረደ ከፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ዓይኑን እያሻሸ፣ እንቅልፉ ሳይበቃ፣
ያክስቱን ልጅ ይዞ፣ ገመድ ተውሶ፣
ወጣን አራት ፎቅ፣ መውለጃዬ ደርሶ።

የሷ ዕብራይስጥ ሰባራ፣ የኔም ያው ስንጥቅ፤
እጃችን ነው እንጂ ቃላችን አይዘልቅ።
በጣቷ አሳየችኝ የአልጋውን አጥር፣
ቀለሙ ተፍቆ ጥርስ ያረፈበት ዳር።
«ቦርያ» አለች ስቃ፤ እጇን ከፍ አደረገች፣
ከበሩ ጉበን በላይ፤ «አሁን ይህን ያህል» አለች።
ሹፌር ነው፣ ሀይፋ።
ገንዘቡን ስትቆጥር ሁለቴ ተሳሳተች፤
አስር ሼቄል መልሳ እንደገና ወሰደች።

ከዚያ በቅርያት ጋት ጠራራ ፀሐይ ወርደን፣
ሁለት አውቶብስ እምቢ አለን፤ በእግር ወሰድን።
አማቴ ግን በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤
«ሕፃን ሳይወለድ አልጋ አይገባም!» አለችን።
ወዴት ይሂድ ታዲያ? ወረደ ምድር ቤት፣
ሳይረን ሲጮህ ሰፈሩ ከሚሸሸግበት።
ሦስት ሳምንት ቆመ ከካርቶን፣ ከብስክሌት መሐል፤
አንድ ሌሊት ጩኸቱ ሲያባርረን ቁልቁል፣
የጎረቤት ልጅ፣ የሲጋሊት ኋለኛ፣
የኔዋ ሳትደርስበት ገብቶበት ተኛ።
ፈረደ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤
«አልጋ ወራሽ ሳይመጣ ዙፋኑ ተነጠቀ!»
ከኔና ከሱ በቀር ቀልዱን ማን አወቀ።

ኦርያ መጣች በሐምሌ ወበቅ፤
ብሎን ገዛን አንድ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።
ሦስቱ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ እንደ እንግዳ
ብርሃን ሲነካው ይታያል ከጓዳ።
ስድስተኛ ወሯ ላይ ድዷ ሲያሳክካት
ያንኑ ዳር ያዘች፣ ማንም ሳያሳያት፤
ቦርያ በነከሰው ላይ የሷን ደረበች፣
አንድ መስመር ከላይ፣ አንድ ከታች አረሰች።

ካናቴራዋ ላይ የሌላ ልጅ ስም አለ፣
በማርከር ተጽፎ፣ በሳሙና ያልተነቀለ።
መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚቷ ግራ ገብቷት
አንድ ሳምንት ሙሉ «ዮታም» ብላ ጠራቻት።

አንድ ቀን ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ
ራያን አገኘኋት፣ በእጇ ስትጠይቅ፦
«ይህን ታህል ይሆን?» እጄን ከጉልበቴ
ትንሽ ከፍ አደረግሁ፤ ኮራ አለ ደረቴ።
ስትነሣ ከጭኗ ቁልፎቿን ጣለች፤
አንዲት ብሎን መሐላቸው ተንጠልጥላለች።
አንሥቼ ሰጠኋት። አልጠየቅሁም ምንም፤
ለዚህ የሚሆን ቃል ሁለታችንም የለንም።

ሦስት ዓመት አለፈ። እግሯ ከአልጋው ወጣ።
ከራሃት አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር መጣ፤
ሱሌማን ይባላል፤ ቫን አለው፣ ገመድ የለው፤
የተበላውን እንጨት በጥፍሩ ሞከረው።
«ምን በላው ይሄንን? ምስጥ ነው?» አለኝ።
«ልጆች ናቸው» አልኩት፤ ሃያ ሼቄል አስቀነሰኝ።
ሚስቱ ግን ጎንበስ ብላ፣ ሆዷን ደግፋ፣
ዳበሰችው ጠርዙን፤ ቃል አልወጣም ካፏ።

ካቻቢቴ ይዤ ፈታሁት ራሴ፤
ሦስቱ ወደ ኩባያ፣ አንዱ ወደ ኪሴ፣
ያ አዲሱ ብሎን፣ አሁን እሱም ዝጎ።
ለምን? አላውቅም። እጄ ነው የወሰነ፤
አፌም ተከትሎት የራያን አፍ ሆነ፦
«አንድ ብሎን ጠፍቷል፤ ይገዛል በርካሹ።»
ሱሌማን ጫነው፣ አልጋውን ከነፍራሹ።

ማታ ልብስ ሳጥብ፣ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ
ኳ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ኳ።
ፈረደ በእንቅልፍ ልቡ፦ «ምንድን ነው የሚንኳኳው?»
«ምንም የለም፣ ተኛ፤ ኪስ ውስጥ የቀረ ሳንቲም ነው።»