ስድስተኛው ድርሻ

በሬ ብትሆን ኖሮ፣ በመደብ በመደብ ቆርጠን፣
ዕጣ አውጥተን በተለያየን፣ ድርሻችንን ይዘን።
አውሮፕላን ግን ቅርጫ አይሆንም፤
ስድስት ሰው ቢገዛው እንኳ ስድስት ቦታ አይበርም።

ፊንላንድ፣ ሐይቅ ዳር፣ ኩርቪላ ከምትባል መንደር፣
ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ከሲርፓ የምትበልጥ ነገር፣
ቀለሟ የለቀቀ፣ አራት ወንበር፣ አንድ ሞተር።

በቀልድ እንከፋፈላታለን፦ ለሄልካ ጅራቷን፣
ለኦስሞ፣ እጁ ዘይት ለሚወደው፣ አፍንጫዋን፣
ለካውኮ ሆዷን፣ ለፖስተኛዋ ለሲርፓ የቀኝ ክንፏን፣
ለእኔ፣ ለገንዘብ ያዡ፣ የሰዓት መቁጠሪያዋን፤
ታውኖ ግን ምንም አልመረጠ።
«የተረፈውን» አለ፤ ጨርቁን በባልዲው ውሃ ነክሮ፣ ጎማዋ ሥር ተቀመጠ።

ደብተሩ በእኔ እጅ ነው።
የሃንጋሩ ኪራይ በየወሩ፣ ኢንሹራንሱ በየዓመቱ፣
ለመርማሪው፣ ለፊርማው፣ ከከተማ ድረስ ለመምጣቱ፣
ደግሞ አንድ ቀን ለሚሞተው ሞተር
ሳይሞት የምንከፍለው ዕድር።
ሁለት ሺህ ሰዓት ነው ዕድሜው፤ አምራቹ ወስኖለታል።
ለእኛስ ስንት እንደተሰጠን የሚነግረን የታል?

ኦስሞ ነዳጅ ሳይሞላ ይመልሳታል፤ ይሉኝታ አልፈጠረበትም።
ሄልካ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ሰዓት ታዛባለች፣ ግን አትዋሽም፦
«ላም እያማጠች ነበር» ትላለች፣ ጭቃ ጫማዋን ሳታወልቅ፤
ወንበሩ ላይ ገለባ አገኛለሁ፤ ልቆጣት እጀምርና ያመልጠኛል ሳቅ።
ካውኮ በመከር አይታይም፤ ሲርፓ በደመወዝ ማግስት ብቻ ትነሣለች፣
ሃያ ደቂቃ፣ ሐይቁን አንዴ ዞራ፣ ቆጥባ ትመለሳለች።

ጥር ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ፣
ዘይቱ እንደ ነጭ ማር ሲረጋ፣
አንድ ሰው ከሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ በሌሊት፣ ሃንጋር ይግባ፤
አፍንጫዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማሞቂያ ይሰካ፦
ይላል በሩ ላይ የለጠፍነው ተራ። የሚያከብረው ታውኖ ብቻ ነበር ለካ፣
የእኛንም ተራ ጭምር። ማንም አልለመነው፤
ማለዳ ሞቃ ስናገኛት፣ ሞተሩን ነበር ያመሰገንነው።

በመጋቢት ሦስተኛው ሲሊንደር ተሰነጠቀ።
ደረሰኙ ሲመጣ የሁላችንም ሳቅ ደረቀ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ ዩሮ። ለስድስት፣ ሰባት መቶ።
ለአምስት፣ ስምንት መቶ አርባ።
ለአምስት ለምን እንዳካፈልኩ አውቃለሁ፤ አፍሬበታለሁ፦
ታውኖን ባለፈው መስከረም ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ ፈቃዱን ነጥቆታል፤
ከዚያ ወዲህ አንድ ደቂቃ አልበረረም፤ ደብተሩ ይመሰክራል።

ስብሰባው ላይ ካውኮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቡ ይፈቅድለታል፤
ድርሻውን ሸጦ መውጣት ይችላል። የማይበር ሰው ስለ ምን ይከፍላል?»
ዝም አልን። ሲርፓ ጥፍሯን በላች።
ታውኖ ከኪሱ ፖስታ አወጣ፤ ሰባት መቶ፣ ሳትጎድል፣ ተቆጥራ ነበረች።
«ስትነሡ ሜዳው ጫፍ እቆማለሁ» አለ። «ዓይኔ ነው እንጂ የታመመው፣ እሰማለሁ።
ሦስተኛው ሲያነጥስ ለኦስሞ የነገርኩት እኔ አይደለሁ?»
ኦስሞ አንገቱን ደፋ።
ካውኮም ሌላ ቃል አልወጣውም። በማግስቱ ግን ተራው ላይ፣
የታውኖ ስም ተሰርዞ የእሱ ነበር፣ በእርሳስ፣ ከሁሉ በላይ።

ግንቦት፣ ሐይቁ በረዶውን ሲያራግፍ፣ ታውኖን ከጎኔ አስቀመጥኩት።
ከፍ ስንል ዓይኑን ጨፈነ። ምን ይታይሃል አላልኩት።
መሪውን ለቀቅሁለት፤ እጁ አልረሳም፤
ክንፏም፣ ሰው መቀየሩን ያወቀች አይመስልም።

ወረድን። ዜሮ ነጥብ ሰባት ሰዓት። «ከፋይ» የሚለው ጋ ስደርስ፣
«የእኔ ነው» አለ። «የእኔ» አልኩት። ተጨቃጨቅን፣ ፀሐይ እስክታዘቅዝቅ ድረስ፤
እዚያ አገር በግንቦት ፀሐይ ምን ያህል እንደምትቆይ የሚያውቅ ያውቃል።
ባልዲውን አንሥቶ ሄደ።
ይኸው መስመሩ ባዶ ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ በዚያች ይጎድላል።
ኦስሞም፣ እስከ ዛሬ፣ ነዳጅ ሳይሞላ ይመልሳታል።