መሰላሉን ማን አቆመው

ስምንቱን ፈተና ወንበር ላይ ጨርሼ፣
ሒሳብ ገባኝ ብዬ፣ አዲስ ኮት ለብሼ፣
ቢሮ ብገባላቸው አንድ መዝገብ ሰጡኝ፤
"ፈተናው ገና ነው፣ ሦስት ዓመት ነው" አሉኝ።
ገጹ ሁሉ ባዶ፣ ከግርጌው አንድ መስመር፦
የሠራሽውን ጻፊ፣ ያየሽ ሰው ይመስክር።

የመጀመሪያው ዓመት ደረሰኝ መደርደር፣
የጠፉ ሃያ ፔንስ እስኪመሽ መቆፈር፣
የታክሲ፣ የቴምብር፣ የብስኩት ወጪ መቁጠር፤
ለሚስተር ሄብልዋይት ሻይ ማፍላትም ነበር
(ለእሱ የሚሆን ሣጥን መዝገቡ ላይ አልነበር)።

ሁለተኛው ዓመት፤
ዲሴምበር ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣
የግሪምዝቢን ወደብ ጭጋግ እንደዋጠው፣
"ሂጂ ዓሣ ቁጠሪ" ብሎ ላከኝ ሰውየው።

ዓሣ ማለት እዚህ የሚዋኝ አይደለም፤
በካርቶን ታሽጓል፣ ዓይኑ አይታይም፤
ከኖርዌይ ተጭኖ፣ ከአይስላንድ መጥቶ፣
ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ላይ ተኝቶ፣
እንደ ጡብ ተካቧል ጣራ ሊነካ ሽቶ።
አባቴ ለዚህ ወደብ ሁለት ጣት ገበረ፤
በእኔ ጣቶች ደግሞ ዓሣው ተቆጠረ።

የመጋዘኑ ሹም ዊልፍ ተቀበለኝ፤
ጉልበቱን የሚያልፍ ካፖርቱን አውልቆ እኔን አለበሰኝ፤
"ብዕርሽን ተይው፣ ቀለም ብርድ አይችልም" ብሎ እርሳስ ሰጠኝ።
ከጆሮው ሥር ያወጣው፣ ጫፉ የተነከሰ።
አባቴን ያውቀዋል። ስሙን ግን አላነሳ።

ወርዱ በስምንት፣ ቁመቱ በአሥራ ሁለት፣
ትንፋሼ ሻርፔ ላይ በረዶ ሲሠራበት፣
አባዛሁ፣ ደመርኩ፤ ከደብተራቸው ጋር
ልክ ሆኖ መጣ አንድም ሳይጎድልበት።
ደስ አለኝ። ጣቴም አልሰማ ብሎኝ ነበር።
ልወጣ ዞርኩ በቃ።

ዊልፍ ግን ከበሩ ዝም ብሎ መጣ፤
ዓይኑን ከዓይኔ አሽሽቶ፣ አንድ ቃል ሳያወጣ፣
ሦስተኛው ረድፍ ላይ መሰላል አስደግፎ፣
"ሻይ ልጠጣ" አለና ሄደ አጠገቤ አልፎ።

መሰላሉን አየሁት።
ማንም ውጪ አላለኝም።
ወጣሁ።

ከዳር ከዳር ካርቶን፣ መሐሉ ጨለማ፤
እንደ ጉድጓድ አፉን የከፈተ ማማ፤
ቁጥሩ ብቻ ሞልቶ ዓሣው የተቀማ።

ስንት እንደጎደለ እዚህ አልጽፈውም፤
የሙያው ምስጢር ነው፣ ለእናቴም አልነገርኩም።
ብቻ በእርሳስ ያዝኩት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፤
ብርድ ይሁን ፍርሃት፣ ማን ለይቶ መረጠ?

ሚስተር ሄብልዋይት መነጽሩን ገፍቶ፣
ሦስት ጊዜ አነበበው ሻዩንም ረስቶ።
"ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር፤
ይኸው ነው ሥራችን" አለና በኩራት
መዝገቤን አስመጣ፣ አንድ ሣጥን አሳየኝ፦
የሙያ ጥርጣሬ፤ በራስሽ ቃል ግለጪ።
ጻፍኩ። ፈረመልኝ። "ጎበዝ" ብሎ አወደሰኝ።

እኔ ግን አልጠረጠርኩም።
እሱን ነው ያልጻፍኩት።
ሣጥኑ ጠባብ ነው፣ አምስት መስመር ብቻ፤
መሰላል አይገባም፣ ሽማግሌም ቢሆን።

በኤፕሪል ቁልፍ ገባበት በሩ፤
አለቆቹ በጠበቃ ተከራከሩ፤
አሥራ አንድ ሠራተኞች በደብዳቤ ተባረሩ።
ዊልፍ ስምንተኛው ነው በስም ዝርዝሩ።
(ዝርዝሩን የደመርኩት እኔ ነኝ፣ የስንብት ክፍያውን፣
እስከ መጨረሻው ፔንስ፤ ለሱም ተፈረመልኝ።)

አሁን መዝገቡ ሞልቷል። ከስሜ ኋላ
አራት ፊደል ቀጥለዋል፣ ካርዴም ላይ ታትመዋል።
አውቶቡስ ፌርማታ አንዳንዴ አየዋለሁ፤
ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔም እነቀንቃለሁ፤
ያንኑ ካፖርት ለብሷል።
ዴቢት ነው ክሬዲት? በየት አገባዋለሁ?

እርሳሱን አልመለስኩም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።
ዓመት ሊዘጋ ሲል አውጥቼ እቀርጸዋለሁ፣
በጥርሱ ምልክት ላይ ጣቴን አሳርፌ
ቆጠራ እሄዳለሁ።

እያጠረ ነው።