መድረቁን ለማየት

ስታይንባክ፣ ማኒቶባ፤ ሚያዝያ ተጋምሷል፣
ከጋራዡ ጣራ በረዶው ይንጠባጠባል።
ወይዘሮ ሄልጋ ፍሪሰን መዝጊያውን ገፉና
የሰባ አራቱን ፎርድ ኮፈኑን አነሱና፣
«ሞተሩን ቅቢልኝ፣ ዘቢደር» አሉኝ።
«በምን ዓይነት ቀለም?»
«እንደ ነበረው» አሉኝ።

እንደ ነበረው!
ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘይት ሲያልበው ኖሮ፣
አቧራ ደርቦ፣ በጭስ ጠቋቁሮ፣
መልኩ ምን እንደ ነበር ማን ሊነግረኝ ይችላል?
ባላቸው ኮርኒ ያውቁ ነበር፤ እሳቸው አልፈዋል።

ቀለም ሱቅ ሄድኩ፣
ጣሳ እያገላበጥኩ ቁጥር ቁጥሩን አነበብኩ።
ተራው ቀለም ለበር ነው፣ ለአጥር፣ ለመስኮት፤
ሞተር ላይ ሲሞቅ ይላጣል እንደ ሽንኩርት።
ይኸኛው ለብሎኩ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ዲግሪ ይችላል፤
ያኛው ለማኒፎልዱ፣ ስድስት መቶውን ያልፋል።
እሳት ለሁሉም አካል እኩል አይታደልም፤
ብሎኩን የሚጠብቅ ማኒፎልዱ ላይ አይውልም።
ሻጩ ጎረምሳ፣ «ቀዩን ውሰጂ፣ ያደምቃል፣
ኮፈን የከፈተ ሁሉ ቆሞ ያየዋል።»
«ለዓይን አይደለም፣ ለእሳት ነው» አልኩት፤
ሁለት ጣሳ ሰማያዊ፣ አንድ ብርማ አስቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መፈግፈግ ብቻ ነው፤
ቀቢው እጅ አይደለም፣ አጣቢው ነው የሚደክመው።
ቅባት ሳይለቅ ቅብ አይዝም።
በሽቦ ብሩሽ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በአሴቶን የራሰ ጨርቅ፤
ጨርቁ ሲጠቁር ሌላ፣ ያም ሲጠቁር ሌላ፣
ነጩ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ።
በሦስተኛው ቀን፣ ከውሃ ፓምፑ ጎን
አሮጌው ሰማያዊ ብቅ አለ፣ የእጅ ቅብ መሆኑን
የሚናገር፤ የብሩሽ ጠጉር ተጣብቆበት፣
ከጠጉሩም አጠገብ፣ ጥርት ብሎ የታተመበት
አንድ አውራ ጣት።

«ወይዘሮ ሄልጋ፣ ይምጡ! የኮርኒን ጣት አገኘሁ!»
መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።
አውራ ጣታቸውን በልኩ ላይ አኖሩና
«የኔ ነው» አሉ።
«መድረቁን ለማየት ነክቼ ነው፤ በሰማንያ አንድ።
ሦስት ቀን አኮረፈኝ።
በላዩ ግን አልቀባበትም።»
«ልተወው?»
«ምን ያደርጋል? ከሥሩ ዝጓል። ፋቂው» ብለው ገቡ።

ፋቅኩት።

ካንዴላውን፣ ቺንጋውን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ፣
ማሞቂያውን ለኮስኩ፤ ቀለም ብርድ አይወድም።
ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነቀነቅኩ፣
ውስጧ ያለችው ጥይት ተንኳኳች።
የመጀመሪያው ስስ፣ መስታወት ላይ እንደተነፈሱት፤
አሥር ደቂቃ።
ሁለተኛው፤ አሥር ደቂቃ።
ቴስታታው ጥግ ላይ ቸኩዬ አወፈርኩት፤
እንደ ልጅ ንፍጥ ወረደ፤ ጠርጌ እንደገና።

«ደረቀ?» አሉ በመስኮት።
«የደረቀ ይመስላል። ይኼ ቀለም ግን
እሳት ሳያይ አይጠናም።
ነገ ሞተሩን እናስነሳለን፤ ሃያ ደቂቃ፣
እስኪበርድ መጠበቅ፣ ደግሞ ሃያ።
እስከዚያ እጅ አይንካው።»
ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጠዋት ባትሪ ይዤ ብሎኩን ስቃኘው፣
ከውሃ ፓምፑ ጎን፣ ቦታውም ያው ነው፦
አንድ አውራ ጣት። አዲስ።

ኩርፊያ መጣብኝ፣ ሦስት ቀን የሚያቆይ።
ጣሳው ውስጥ ትንሽ ቀርቷል፤ አንድ ርጭት ይበቃው ነበር።
ጣሳውን አስቀመጥኩና ቁልፉን አዞርኩ።
ሞተሩ አጓራ፤ መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣
ከዚያ የሚጋገር ቀለም ሽታ።
ወይዘሮ ሄልጋ በሩ ላይ ቆመዋል፣
አንድ እጃቸው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው።
«አሁንስ?» አሉኝ።
«አሁን እየደረቀ ነው።»